ቪፒኤን ሲበራ ብቻ የሚከፈቱ ድረ ገጾች፦ ከቱሉ ዲምቱ አንድ የጉዳይ ጥናት

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም በማይርቅ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ምድር ወለል ላይ አንድ የጽሕፈትና የኢንተርኔት አገልግሎት የሚሰጥ ሱቅ አለ። ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንትና ላሚኔሽን የዕለት ሥራው ቢሆንም ገቢው በአብዛኛው የሚመጣው ከኦንላይን ማመልከቻ ነው፤ የፓስፖርት ማመልከቻ የሚያስሞላ፣ ንግድ ፈቃዱን የሚያሳድስ፣ የልጁን የፈተና ውጤት የሚያይ፣ ዲቪ የሚሞላ የአካባቢው ነዋሪ ወደ መሀል ከተማ ከመውረድ ይልቅ እዚያው ያስጨርሳል። በ2017 ዓ.ም. በዚህ ሱቅ ውስጥ አንዳንድ ድረ ገጾች መከፈት አቆሙ፤ ጉዳዩን እንዳጣራ የጠሩኝም የሱቁ ባለቤት ናቸው።

ችግሩን አስቸጋሪ ያደረገው «አንዳንድ» የሚለው ቃል ነው። ጎግል ይከፈታል፣ የዩቲዩብ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ይሄዳል፣ ቴሌግራም መልእክት ያስገባል ያስወጣል። የአንድ መሥሪያ ቤት የማመልከቻ ገጽ፣ የአንድ ባንክ የኢንተርኔት አገልግሎትና የአንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የምዝገባ ገጽ ግን ክቡ እየተሽከረከረ ይቆይና በመጨረሻ ምላሽ ዘግይቷል የሚል ጽሑፍ ያወጣሉ። በዚህ መካከል ደግሞ ሦስተኛ ወገን ነበር፤ ርዕሱ በብራውዘሩ ትር (ታብ) ላይ ይታያል፣ ጥቂት ጽሑፍም ይመጣል፣ ሥዕሎቹና ቅጹ ግን አይመጡም። ለደንበኛ የሚታየው ውጤት አንድ ነው፦ ተሰልፎ ጠብቆ ሳይስተናገድ ይመለሳል።

ሱቁ ውስጥ የተደረሰበት ድምዳሜ ድረ ገጾቹ ተዘግተዋል የሚል ነበር። ይህ ድምዳሜ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ተገድበው በቆዩበት ጊዜ አብዛኛው ተጠቃሚ ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር በኩል የሚያዞር መተግበሪያ) መጫንን የተማረው በግድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያልተከፈተ ገጽ ሁሉ በቅድሚያ በዚህ ዓይን ይታያል። ሠራተኛው ወጣት ያቀረበልኝ ማስረጃም ጠንካራ ይመስል ነበር። «ጋሼ፣ ተዘግቶ ነው እንጂ ቪፒኤን ስናበራማ ወዲያው ነው የሚከፍተው» አለኝ፤ አብርቶም አሳየኝ፤ እንዳለውም ወዲያው ከፈተ።

ሆኖም ማስረጃው ከተባለለት ያነሰ ነገር ነው የሚያሳየው። ቪፒኤን ሲበራ የሚለወጠው የመንገዱ አቅጣጫ ብቻ አይደለም፤ ከኮምፒውተሩ የሚወጣውና ወደ እርሱ የሚመጣው እያንዳንዱ ፓኬት (መረጃ ተከፋፍሎ የሚጓዝበት እሽግ) መጠንም ይለወጣል። የዚህ ጉዳይ መፍትሔ የተገኘው ከዚህ ሁለተኛው ለውጥ በኩል ስለሆነ ወደ ኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ። ለጊዜው ግን አንድ ተራ ጥያቄ ይበቃ ነበር፦ የአገር ውስጥ መሥሪያ ቤት ሕዝቡ እንዲያመለክትበት ብሎ የከፈተውን ገጽ ማን፣ ለምን ይዘጋዋል?

ነፃው ቪፒኤን በመፍትሔነትም ቢሆን አላዋጣም። ባንኩ ደንበኛው ከውጭ አገር የገባ ስለሚመስለው ተጨማሪ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ አንደኛው ገጽ ደግሞ ከውጭ አድራሻ የሚመጣን ጥያቄ ጭራሹን አይቀበልም። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን የሌላ ሰው የፓስፖርት ቅጂና የባንክ ይለፍ ቃል የሚገባበት ኮምፒውተር ባለቤቱ በማይታወቅ ነፃ መተግበሪያ በኩል እንዲሠራ መደረጉ ነው።

ማጣራቱ የተጀመረው ሠራተኛው የሚከፈቱትን፣ የማይከፈቱትንና በከፊል የሚከፈቱትን በአንድ ወረቀት ላይ እንዲዘረዝር በማድረግ ነው። ቀጥሎ መስመሮቹን ማቀያየር ነበር። ከማይከፈቱት አንዱን በስልኬ፣ በሞባይል ዳታ ስሞክረው ተከፈተ። ያንኑ ስልክ ከሱቁ ዋይፋይ ጋር ሳገናኘው መሽከርከር ጀመረ። ከሱቁ ኮምፒውተሮች አንዱን ከሱቁ ገመድ ነቅዬ በስልኬ ሆትስፖት ሳስገባው ደግሞ በዚያው ኮምፒውተርና በዚያው ክሮም ያለ ችግር ተከፈተ። በዚህ ብቻ ድረ ገጹ፣ ኮምፒውተሩና ብራውዘሩ ከተጠርጣሪነት ወጡ፤ የቀረው በሱቁ መስመር ላይ ያለ ነገር ነው። ለዚህ ምንም ዓይነት ልዩ ዕውቀት አያስፈልግም፤ ባለሙያ ከመጠራቱ በፊት ማንም ሊያደርገው የሚችል ነው።

ከኮምፒውተሮቹ አንዱ ግን ከሌሎቹ የተለየ ነበር፤ እርሱ ላይ ከጥቂቶቹ በቀር አንድም ገጽ አይከፈትም። ልዩነቱም በዓይን ይለያል፦ ሌሎቹ ሲሽከረከሩ ይቆያሉ፣ ይህኛው ግን ሳይውል ሳያድር ግንኙነትዎ የግል አይደለም የሚል የክሮም ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ሰዓቱን ስመለከት ዓመቱ 2017 ይላል። የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ ስለደከመ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ይጠፋል፤ ሠራተኛው ደግሞ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካላንደር እያየ የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት ሲሞላ ቆይቷል። ለኮምፒውተሩ ይህ ማለት ዛሬ የቀረበለት የድረ ገጽ የምስክር ወረቀት (የገጹን ማንነት የሚያረጋግጥ፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው ሰነድ) ከዓመታት በኋላ ሥራ የሚጀምር ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ይከለክላል። ዊንዶውስም በራሱ አያርመውም፤ በነባሪው ቅንብር ልዩነቱ ከ15 ሰዓት በላይ ከሆነ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ሰዓት ጋር ማስተካከሉን ይተወዋል። ሲአር2032 ባትሪ ተቀየረለት፣ ቀኑም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ተሞላ፤ ከዚያ በኋላ ይህም ኮምፒውተር እንደ ሌሎቹ «አንዳንዱን ብቻ» የማይከፍት ሆነ። ሁለት በሽታዎች በአንድ ስም ሲጠሩ መቆየታቸው ነው ሱቁን ይበልጥ ያደናገረው።

ወደ ዋናው ችግር ስንመለስ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ግንኙነቱ የሚቋረጠው የትኛው ደረጃ ላይ ነው የሚል ነው። የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠው የዲኤንኤስ ጥያቄ በሱቁ መስመርም በሞባይል ዳታም ተመሳሳይ አድራሻ መለሰ፤ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ወደተባሉት ለሁሉም ክፍት የሆኑ ሰርቨሮች መቀየሩም ምንም አልለወጠም። ፒንግ (ወዲያኛው ጫፍ ምላሽ መስጠቱን የሚሞክር ትእዛዝ) ይመልሳል፤ ነገር ግን የዊንዶውስ ፒንግ ካልተነገረው በቀር የሚልከው 32 ባይት ብቻ ስለሆነ ፒንግ ሠራ ማለት ትንንሽ ፓኬት ያልፋል ከማለት በላይ ትርጉም የለውም። የተመሰጠሩ ድረ ገጾች በሚገናኙበት በር 443 ላይ የተደረገው የግንኙነት ሙከራም ተሳካ። ፋየርፎክስ ላይ ሲሞከር ከገጹ ታች በግራ ጥግ የምትታየው ጽሑፍ የቲኤልኤስ (የምስጠራ) ሰላምታ በመለዋወጥ ላይ መሆኑን እየገለጸች እዚያው ትቀራለች። በሩ ተንኳኩቶ «ማነው?» ተብሏል ማለት ነው፤ የቀረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ይህን በዋየርሻርክ፣ የሚያልፈውን ፓኬት አንድ በአንድ በሚያሳይ ፕሮግራም፣ ማየት ግድ ሆነ። የመክፈቻዎቹ ሦስት ፓኬቶች በሥርዓታቸው አለፉ። ኮምፒውተሩ በአንድ ፓኬት የምቀበለው የመረጃ መጠን እስከ 1460 ባይት ነው ብሎ አሳወቀ፤ ሰርቨሩም 1460 አለ። ኮምፒውተሩ የምስጠራ ሰላምታውን ላከ፤ ሰርቨሩም መድረሱን አረጋገጠ። አሁን መምጣት ያለበት የሰርቨሩ የምስክር ወረቀት ነው፤ ከነሰንሰለቱ (እርሱን ከሚያረጋግጡት ሌሎች የምስክር ወረቀቶች ጋር) ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሺህ ባይት ስለሚሆን በአንድ ፓኬት አይገባም፣ የመጀመሪያዎቹ ፓኬቶች እስከ አፋቸው ይሞላሉ፣ የተረፈው በመጨረሻዋ ትንሽ ፓኬት ይመጣል። ወደ ሱቁ የደረሰችው ያቺ የመጨረሻዋ ብቻ ነበረች። ዋየርሻርክ በጥቁር መደብ ላይ፣ ከእርሷ በፊት የነበረው ክፍል አልተያዘም የሚል ማስታወሻ አኖረባት። ኮምፒውተሩም ጫፉ ደርሶኛል፣ መጀመሪያው ግን ቀርቷል የሚል ምላሽ ላከ። ሰርቨሩ ሙሉዎቹን ፓኬቶች ደጋግሞ ቢልክም፣ በየጊዜውም የሚጠብቅበትን ጊዜ እጥፍ ቢያደርግም፣ አንዳቸውም አልደረሱም። ትንሹ ይደርሳል፣ ትልቁ ይቀራል።

እዚህ ላይ የመዘጋቱ መላምት የሚወድቅበት ምክንያት ግልጽ ሆነ። ሆነ ብሎ የሚደረግ ክልከላ በዲኤንኤስ ላይ ሐሰተኛ አድራሻ በመስጠት፣ ግንኙነቱን በማቋረጥ ወይም የድረ ገጹን ስም ካየ በኋላ ሁሉንም ፓኬት በመጣል ሊሠራ ይችላል፤ የምስክር ወረቀቱን ራስ ጥሎ ጅራቱን አሳልፎ የሚሰጥ ግን አይደለም።

የትልቁ ፓኬት መቅረት ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። በተለመደው የኤተርኔት መስመር ላይ አንድ ፓኬት እስከ 1500 ባይት ሊሆን ይችላል። የሱቁ ራውተር ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የሚገናኘው ግን የተጠቃሚ ስምና ይለፍ ቃል በሚሞላበት ፒፒፒኦኢ በተባለው ዘዴ ነው፤ ይህ ዘዴ ለራሱ 8 ባይት ስለሚወስድ ለፓኬቱ የሚተርፈው 1492 ብቻ ነው። የሱቁ ኮምፒውተሮች ይህን አያውቁም፤ እነርሱ የሚያዩት የውስጡን ገመድ ስለሆነ ከ1500 ላይ አይፒና ቲሲፒ የተባሉት የማጓጓዣ ደንቦች በፓኬቱ ራስ ላይ ለሚጽፉት መረጃ (ሄደር) 40 ቀንሰው 1460 ብለው ያሳውቃሉ። ሰርቨሩም በዚሁ ተማምኖ ሙሉ 1500 ባይት የሚሆን ፓኬት ይልካል፤ በላዩም ላይ ዲኤፍ የተባለውን «አትከፋፍል» የሚል ምልክት ያደርጋል። ፓኬቱ የፒፒፒኦኢው መስመር ጫፍ ላይ ሲደርስ በ8 ባይት ምክንያት አያልፍም። በኮንዶሚኒየም ደረጃ መታጠፊያ ላይ በጣት ስፋት ምክንያት እንደሚቀር ቁም ሣጥን ነው፤ ፈታቶ ማስገባት ይቻል ነበር፣ ግን አትፍቱ ተብሏል።

ኢንተርኔት ለዚህ መፍትሔ ያጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው አርኤፍሲ 1191 በተባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ መሠረት ፓኬቱን ማሳለፍ ያቃተው መሣሪያ «ይህ መስመር ከ1492 በላይ አያሳልፍም» የሚል የአይሲኤምፒ መልእክት (አይሲኤምፒ መሣሪያዎች ችግርን የሚነጋገሩበት ዘዴ ነው፤ ፒንግም በእርሱ ይሄዳል)፣ ዓይነት 3 ኮድ 4 የሚባለውን፣ ወደ ሰርቨሩ ይልካል፤ ሰርቨሩም አሳንሶ ይልካል። ችግሩ በርካታ የሰርቨር አስተዳዳሪዎች አይሲኤምፒን በሙሉ እንደ አደጋ ቆጥረው በፋየርዎል መዝጋታቸው ነው። መልእክቱ ይላካል፣ በሩ ላይ ይጣላል፣ ሰርቨሩ ምንም ሳይሰማ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ይደግማል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው አርኤፍሲ 2923 ይህን ጥቁር ጉድጓድ ብሎ ስም ሰጥቶ ዘርዝሮታል። ከዚያ ወዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ዛሬም ይህ ቅንብር «ለደኅንነት» እየተባለ ሲሠራ ማየቴን፣ በበኩሌ፣ ከቸልተኝነት ለይቼ አላየውም፤ ፒንግን መከልከል የፈለገ ፒንግን ብቻ መከልከል ይችላልና።

ስለዚህ የትኛው ድረ ገጽ ይከፈታል፣ የትኛው አይከፈትም የሚለውን የሚወስነው ከወዲያ ማዶ ያለው ሰርቨር ነው። አይሲኤምፒን የሚቀበል ሰርቨር መጠኑን አስተካክሎ ያደርሳል። አይሲኤምፒን የዘጋው አያደርስም። ከተለያዩ ሰርቨሮች የሚሰበሰብ ገጽ ደግሞ አይሲኤምፒን የዘጉት ከፊሎቹ ብቻ ሲሆኑ በከፊል ይመጣል፤ ርዕሱ ታይቶ ሥዕሉ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ጎግልና ዩቲዩብ ደግሞ በክሮም ላይ በአብዛኛው የሚጓዙት እ.ኤ.አ. በ2021 ደረጃ በወጣለት ክዊክ በተባለው ዘዴ ነው፤ ክዊክ የሚጀምረው 1200 ባይት አካባቢ ባሉ ፓኬቶች ሆኖ የሚጨምረውም መስመሩን በጥንቃቄ እየለካ ስለሆነ የ8 ባይት ጉድለት አይነካውም። ሠራተኛው «ዩቲዩብ ይህን ያህል እየሮጠ ኔትወርኩ ችግር የለበትም» ማለቱ ለዚህ ነው ያላስኬደው፤ ዩቲዩብ ይህን ዓይነት ሕመም ለመመርመር የማይሆን መስፈሪያ ነው።

የቪፒኤኑም ምሥጢር ይኸው ነው። ቪፒኤን የራሱን ሄደር የሚጨምርበት ቦታ ስለሚያስፈልገው ለኮምፒውተሩ አነስ ያለ መስመር ያሳየዋል፤ ለምሳሌ ዋየርጋርድ የተባለው የቪፒኤን ዓይነት በነባሪነት 1420 ይላል። ኮምፒውተሩም በዚሁ ልክ አነስ ያለ ቁጥር ለድረ ገጹ ያሳውቃል፣ ሰርቨሩም ከመጀመሪያው ትንሽ ፓኬት ይልካል፣ ሁሉም ያልፋል። የተከለከለ ነገር ስለተከፈተ ሳይሆን ጭነቱ ስለቀነሰ ነው የሠራው።

ይህን በግምት ላለመተው ሁለት ሙከራ ተደረገ። አንደኛው ከዊንዶውስ ትእዛዝ መስኮት ላይ በፒንግ መጠኑን እየወሰኑ «አትከፋፍል» ብሎ መላክ ነው። በ1472 ባይት ሲላክ ራውተሩ ራሱ «ፓኬት ኒድስ ቱ ቢ ፍራግመንትድ ባት ዲኤፍ ሴት»፣ ማለትም ፓኬቱ መከፋፈል አለበት ግን አትከፋፍል ተብሏል፣ ብሎ መለሰ፤ በ1464 ሲላክ ከወዲያኛው ጫፍ ምላሽ መጣ። በ1464 ላይ ለአይፒና ለአይሲኤምፒ ሄደር 28 ሲጨመር 1492 ይሆናል፤ ስሌቱ ገጥሟል። ከሱቁ ወደ ውጭ የሚሄደው ትልቅ ፓኬት የማይቸገረውም፣ ለዚህም ነው በኢሜይል ሰነድ ማያያዝ ያላስቸገረው፣ እዚያው ያለው ራውተር ለኮምፒውተሩ ስለሚነግረው ነው። ሁለተኛው ሙከራ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የኔትወርክ ካርዱ የሚያሳልፈውን ትልቁን የፓኬት መጠን ኔትሽ በተባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ወደ 1492 ማውረድ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ገጽ ያለ ቪፒኤን ተከፈተ፤ ጎን ለጎን ያለው ኮምፒውተር ያንኑ ገጽ ሲያሽከረክር ነበር። መጠኑ ወደ 1500 ሲመለስ የመጀመሪያውም ማሽከርከር ጀመረ። ክልከላ ቢሆን ኖሮ የአንድን ኮምፒውተር የፓኬት መጠን በ8 ባይት መቀነስ የሚለውጠው ነገር ባልኖረ ነበር።

ይህ ሁሉ ታዲያ ቀድሞ ለምን አልነበረም? የሱቁ ባለቤት ሲጠየቁ የቀድሞው ራውተር መብራት ሄዶ ሲመለስ ከዲቫይደሩ ጋር አብሮ እንደተቃጠለና በምትኩ ያገለገለ ራውተር እንደተገዛ አስታወሱ። ሁለቱን ነገር ያያያዛቸው ሰው አልነበረም፤ አዲሱ ራውተር እንደተተከለ ጎግል ስለተከፈተ ሥራው እንዳለቀ ተቆጥሯል፤ የማመልከቻ ገጾቹ ደግሞ የሚያስፈልጉት ደንበኛ ሲመጣ ብቻ ነው። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች ፒፒፒኦኢ ሲሞላባቸው ከውስጥ የሚወጣውን 1460 የሚለውን ማሳወቂያ በመንገድ ላይ ወደ 1452 ይለውጡታል፤ ይህ ኤምኤስኤስ ክላምፒንግ ይባላል፣ የሰርቨሩ ፋየርዎል አይሲኤምፒን ቢዘጋም ባይዘጋም ችግሩን አስቀድሞ ያስወግደዋል። ያገለገለው ራውተር ላይ የቀድሞው ባለቤት ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለ ነፃ የራውተር ሶፍትዌር ጭኖበት ነበር። የፋየርዎሉ ገጽ ላይ የውጭውን መስመር ዞን ስከፍት ማስክሬዲንግ (ሁሉም ኮምፒውተሮች በአንድ አድራሻ እንዲወጡ የሚያደርገው) የሚለው ምልክት ተደርጎበታል፤ ከሥሩ ያለው የኤምኤስኤስ ክላምፒንግ ሣጥን ግን ባዶ ነው። ራውተሩ ቀድሞ ፒፒፒኦኢ በሌለበት መስመር ላይ ይሠራ ከነበረ ይህ ባዶነት ምንም አያጎድልበትም።

ምልክቱ ተደረገ፣ ቅንብሩ ተቀመጠ፣ በኮምፒውተሮቹ ላይ የነበረው ነፃ ቪፒኤን ሁሉ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በዋየርሻርክ ሲታይ ከዚያው ሰርቨር የሚመጣው ትልቁ ፓኬት የያዘው መረጃ 1452 ባይት ሆኖ የምስክር ወረቀቱ ከራሱ እስከ ጅራቱ ደረሰ። በየኮምፒውተሩ ላይ መጠኑን ወደ 1492 ማውረድም ያው ውጤት ይሰጥ ነበር፤ ያልመረጥኩት ደንበኞች በዋይፋይ ይዘው የሚመጡትን ስልክና ላፕቶፕ ስለማይነካና ዊንዶውስ በድጋሚ በተጫነ ቁጥር የሚጠፋ ስለሆነ ነው። ማይክሮቲክ የተባለውን ራውተር የሚጠቀሙ ሱቆች ይኸው ነገር በፒፒፒ ፕሮፋይሉ ውስጥ ቼንጅ ቲሲፒ ኤምኤስኤስ በሚል ስም ያገኙታል። ክላምፒንግ የሚሠራው ለቲሲፒ ብቻ እንደሆነ ግን መታወቅ አለበት፤ ከቲሲፒ ሌላ በሆነው በዩዲፒ ዘዴ የሚሄድና መጠኑን ራሱ የማይለካ መተግበሪያ ካለ ከዚህ ጥቅም አያገኝም። በዚህ ሱቅ እንዲህ ያለ አልነበረም።

ከወረቀቱ ዝርዝር ውስጥ ከማስተካከያው በኋላም ያልተከፈተ አንድ ድረ ገጽ ቀርቷል። እርሱ ግን በሞባይል ዳታም፣ በሌላ ሰፈር ባለ መስመርም፣ ሳይሽከረከር ወዲያው የምስክር ወረቀቱ ጊዜ ማለፉን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ማደስ የሚችለውም የገጹ ባለቤት ብቻ ነው። ሠራተኛው ከስሙ ጎን «ከእኛ አይደለም» ብሎ ጽፎበታል፤ ለዚያ አገልግሎት የሚመጡ ደንበኞችም እስኪታደስ ድረስ በአካል ወደ ቢሮው እንዲሄዱ እየተነገራቸው ነው።